ሚዛኑ ነው ወይስ ጆንያው? የስበት ቲዎሪዎችን በጋላክሲ ክላስተር መፈተሽ፣ ደሴ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ

የአክስቴ ባል ደሴ ሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ቡና ላይ ስለ ዳርክ ማተር (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጋሼ፣ የጋላክሲ ክላስተር የሚባል ነገር አለ፣ ከመቶ እስከ ሺ የሚደርሱ ጋላክሲዎች በስበት ተያይዘው አንድ ላይ የሚኖሩበት፣ የሚታየውን ሁሉ ደምረን ስንመዝነው አንድ ቁጥር ይመጣል፣ በስበቱ ስንለካው ግን ስድስት ሰባት እጥፍ ይሆንብናል አልኳቸው። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና "ሚዛኑንስ ፈትሻችሁታል?" አሉኝ። ጆንያ ከሚገባው በላይ ሲከብድ እሳቸው የሚጠረጥሩት ሁለት ነገር ነው፣ ወይ እህሉ ውስጥ ያላዩት ድንጋይ አለ ወይ ሚዛኑ ይዋሻል።

ወላሂ የዘርፉ ጥያቄ እሱው ነው። ድንጋዩ ዳርክ ማተር፣ ሚዛኑ ደግሞ የኒውተንና የአንስታይን ስበት። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የኮማ ክላስተር ጋላክሲዎችን ፍጥነት አይቶ፣ በሚታየው ማስ (የቁስ መጠን) ብቻ እንደዚህ እየሮጡ ተያይዘው ሊቆዩ አይችሉም ካለ ወዲህ አብዛኛው ሰው ድንጋዩን ነው የጠረጠረው። በ1983 ደግሞ ሞርደሃይ ሚልግሮም ሞንድ የሚባለውን ሐሳብ ይዞ መጣና ሚዛኑን ጠረጠረ። ማን ልክ እንደሆነ ከዩቲዩብ ክርክር ከመስማት ራሳችሁ ብትፈትሹት ይሻላል፣ ዳታው ነጻ ነው፣ ሒሳቡም ካልኩለስ አንድ የወሰደ ሰው የሚወጣው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ፣ ፓይተን (ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ጎግል ኮላብ)፣ ኢንተርኔት፣ እና ደብተር። ደብተሩን ለቀልድ አይደለም ያልኩት፣ ምክንያቱን ታያላችሁ። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ላስታ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥታችሁ ምርጥ ቴሌስኮፕ ብትተክሉ እንኳ ለዚህ ሥራ ዋናውን ነገር አታዩም፣ ምክንያቱም የክላስተሩ ጋዝ የሚያበራው በኤክስሬይ ነው፣ ኤክስሬይን ደግሞ ከባቢ አየራችን አያሳልፍም። ስለዚህ በ1999 ወደ ላይ የወጡት ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የሚባሉት ሳተላይቶች የሰበሰቡትን ነው የምንጠቀመው።

ስቴፕ 1፦ ዳታ ሳትከፍቱ ቲዎሪው የሚለውን ደብተር ላይ ጻፉ

ይሄን ስቴፕ ሁሉም ሰው ይዘለዋል፣ እኔም መጀመሪያ ዘልዬው ነበር። ችግሩ ውጤቱን አንዴ ካያችሁ በኋላ ትንሽ እዚህ ትንሽ እዛ እየነካካችሁ የምትፈልጉት መልስ እስኪመጣ መቀጠላችሁ አይቀርም። ስለዚህ ቀኑን ጭምር ጻፉ፣ ይሄ ቲዎሪ ልክ ከሆነ ይሄን ቁጥር ማየት አለብኝ ብላችሁ።

ሞንድ የሚለው ፍጥንጥነቱ 1.2 × 10⁻¹⁰ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ከሚባለው ወሰን (ኤ-ዜሮ ይሉታል) ሲያንስ ስበት ከኒውተን ሒሳብ በላይ ይጠነክራል ነው። ዳርክ ማተር የለም፣ የሚታየው ቁስ ብቻ በቂ ነው። ስለዚህ የሚፈተሸው ነገር ግልጽ ነው፣ የጋዙንና የኮከቡን ማስ ይዛችሁ በሞንድ ቀመር ስትሄዱ የተለካውን ስበት ማግኘት አለባችሁ።

ኤፍ-አር የሚባሉት ቲዎሪዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ዳርክ ማተርን አይክዱም፣ ግን የአንስታይንን እኩልታ አሻሽለው አንድ ተጨማሪ ኃይል ያስገባሉ። ይሄ ኃይል ቁስ በታጨቀበት ቦታ ይደበቃል (ካሜሊዮን የሚሉት እስስት ስለሚመስል ነው፣ ቆንጆ ስም)፣ ከክላስተሩ ዳር ላይ ግን ሊወጣ ይችላል፣ ሲወጣ ጋዝና ጋላክሲን ቢበዛ በአንድ ሦስተኛ ይጨምርባቸዋል፣ ብርሃንን ግን አይነካም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትንበያው በጋዝ የለካችሁት ማስ በብርሃን መታጠፍ ከለካችሁት እስከ 4/3 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል የሚል ነው።

ሌላም ብዙ አለ፣ የኤሪክ ፈርሊንደ ኢመርጀንት ግራቪቲ ምናምን። ግን በ2017 የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የስበት ሞገዱና ብርሃኑ ወደ ሁለት ሰከንድ ገደማ ልዩነት ብቻ ይዘው ስለደረሱን የስበት ሞገድ ከብርሃን የተለየ ፍጥነት አለው የሚሉት በሙሉ ወድቀዋል፣ በነሱ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ስቴፕ 2፦ የተረጋጋ ክላስተር ምረጡ

ጋዙ በግጭት እየተናወጠ ያለ ክላስተር ላይ ሒሳቡ አይሠራም፣ እንደ ተንጠለጠለ ሚዛን አስቡት፣ መርፌው እየተወዛወዘ አታነብም። ኮማ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ ብዙ ጀማሪ እሱን ይመርጣል፣ ነገር ግን ኮማ ላይ ሌላ የጋላክሲ ቡድን እየወደቀበት ነው፣ ለጋዝ ሒሳብ ጥሩ መጀመሪያ አይደለም። አቤል 2029 ወይም አቤል 1795 ይሻላችኋል። በተለይ 2029ን የምወደው በ2023 የወጣው ክሪዝም የሚባለው የጃፓን ሳተላይት መሃሉን አይቶት የጋዙ መናወጥ ትንሽ መሆኑን ስለለካ ነው፣ ግፊቱ ውስጥ የእንቅስቃሴ ድርሻው ከ3 በመቶ በታች ነው የወጣው።

ዳታውን ከሦስት ቦታ አንዱ ውሰዱ። አክሴፕት የሚባለው ስብስብ 239 ክላስተሮችን በቻንድራ የተለኩ ሆነው በሠንጠረዥ አስቀምጧል፣ ለመለማመጃ የሚደርስበት የለም። ኤክስ-ኮፕ 12 ክላስተር ብቻ ነው ግን እስከ ዳር ድረስ የተለኩ ናቸው። ክላሽ ደግሞ 25 ክላስተር ሆኖ ለሌንሲንግ (ብርሃን በስበት ሲታጠፍ ማሱን ለመለካት) ነው፣ ስቴፕ 6 ላይ እንመጣበታለን። ፋይሎቹ ሠንጠረዥ ብቻ ከሆኑ ትንንሽ ናቸው፣ ማታ ፓኬጅ ሲረክስ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ጠዋት መብራት ስለመኖሩ ማን ዋስ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሠንጠረዡ ላይ የስበት ማስ የሚል የተዘጋጀ ኮለም ካገኛችሁ አትንኩት። እሱ የተሠራው ኒውተንን ልክ ነው ብሎ ተነስቶ ነው፣ ሚዛን ለመፈተሽ በዚያው ሚዛን የተመዘነ ክብደት መጠቀም ማለት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ራዲየስ፣ የኤሌክትሮን ጥግግት እና ሙቀት፣ ከነስህተታቸው።

ስቴፕ 3፦ የሚታየውን ቁጠሩ

ክላስተር ውስጥ ከሚታየው ቁስ ብዙው ጋላክሲ አይደለም፣ በመካከላቸው የሞላው ትኩስ ጋዝ ነው፣ ከኮከቦቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኤሌክትሮኑን ጥግግት በ1.17 እና በፕሮቶን ማስ ስታባዙት የጋዙ ጥግግት ይመጣል። ከዛ በየንብርብሩ በ4 ፓይ ራዲየስ ስኩዌር እና በንብርብሩ ውፍረት እያባዛችሁ ከመሃል ወደ ውጪ ትደምራላችሁ።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ። ጥግግቱ የተሰጠው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፣ ወደ ሜትር ስትቀይሩ በ10⁶ ማባዛት አለባችሁ። እኔ ይሄን ረስቼ ጋዙ በሚሊዮን እጥፍ አንሶ ወጣልኝና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፊዚክስን ገለበጥኩ ብዬ ለጓደኛዬ ደውዬ ቀሰቀስኩት፣ እስካሁን ይቀልድብኛል። ሁለተኛው፣ 1.17 ለጥግግት ነው፣ ስቴፕ 4 ላይ የሚመጣው 0.6 ደግሞ ለግፊት ነው፣ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው መልሱ በግማሽ ይዛነፍበታል።

ኮከቦቹን በተለይ መሃል ላይ የተቀመጠውን ግዙፍ ጋላክሲ አትርሱ። ዳር ላይ ያን ያህል አይወስኑም፣ መሃል ላይ ግን ለሞንድ ፍርዱ እነሱ ላይ ነው፣ የኮከቡን ማስ አሳንሳችሁ ሞንድ ወደቀ ብትሉ ግፍ ነው።

ስቴፕ 4፦ ስበቱን ከጋዙ ለኩ

ጋዙ ወደ መሃል ያልወደቀው ግፊቱ ስለያዘው ነው። ግፊቱ ስንት እንደሆነ ካወቅን የሚጎትተው ስበት ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ቀመሩ በቃል፦

ስበት = የሙቀት ጉልበት ÷ (0.6 × የፕሮቶን ማስ × ራዲየስ) × (የጥግግት ቁልቁለት + የሙቀት ቁልቁለት)

የሙቀት ጉልበት ማለት ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልቱ ወደ ጁል ተቀይሮ ነው። ቁልቁለት ያልኩት ራዲየሱ አንድ በመቶ ሲጨምር ጥግግቱ ስንት በመቶ ይወርዳል የሚለው ነው፣ ሎግ-ሎግ ግራፍ ላይ ያለው መውረድ። ወደ ውጪ እየወረደ ከሆነ ፖዘቲቭ ቁጥር አርጋችሁ ውሰዱት።

ጣጣ ያለው ይሄ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ የመንገዱን ቁልቁለት ለመለካት ብላችሁ ከአንዱ ጉድጓድ እስከሚቀጥለው ብትለኩ አንዴ ዳገት አንዴ ገደል ነው የሚመጣላችሁ፣ ጠቅላላ መውረዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ እንደሆነ ማንም ሹፌር ያውቃል። ዳታውም እንደዛ ነው። ነጥብ ከነጥብ እየቀነሳችሁ ቁልቁለት ካወጣችሁ ጩኸት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ስበቱ ኔጌቲቭ ይሆናል ማለት ክላስተሩ ይገፋል ማለት ነው፣ ሳቅ። መጀመሪያ ለስላሳ ከርቭ ግጠሙበት፣ ቤታ ሞዴል የሚባለው (ጥግግቱ ከመሃል ወደ ዳር እንዴት እንደሚወርድ የሚገልጽ ቀመር) ለጀማሪ ይበቃል፣ ቁልቁለቱን ከከርቩ ውሰዱ።

ስቴፕ 5፦ አንድ ሙሉ ሒሳብ አብረን

ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያዘጋጀኋቸው፣ ለእውነተኛ ትልቅ ክላስተር ቅርብ እንዲሆኑ አርጌ። ሙቀቱ በሁሉም ቦታ 7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (81 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ)፣ መሃል ላይ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.0226 ኤሌክትሮን፣ ቤታ ሁለት ሦስተኛ፣ የመሃሉ ራዲየስ 100 ኪሎ ፓርሴክ (አንዱ ኪሎ ፓርሴክ 3,260 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው)። ከ1 ሜጋ ፓርሴክ (1,000 ኪሎ ፓርሴክ) ውስጥ ጋዙ ሲደመር 7 × 10¹³ የፀሐይ ማስ ይመጣል፣ ኮከቦቹን 1 × 10¹³ እንበል፣ ጠቅላላ 8 × 10¹³።

1 ሜጋ ፓርሴክ ላይ ቁልቁለቱ 1.98 ነው። ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡት ስበቱ 7.2 × 10⁻¹¹ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይወጣል። ይሄን በኒውተን ወደ ማስ ስትቀይሩ 5.1 × 10¹⁴ የፀሐይ ማስ ይሆናል፣ ከሚታየው 6.4 እጥፍ። ለአክስቴ ባል የነገርኳቸው ጉድ ይሄ ነው።

አሁን ሞንድ። የለካችሁትን ስበት ለኤ-ዜሮ አካፍሉ፣ 0.6 ገደማ። ቀላሉ የሞንድ ቀመር የኒውተኑን ማስ በ 0.6 ÷ 1.6 ማባዛት ነው፣ 0.37 ገደማ፣ ስለዚህ ሞንድ የሚፈልገው ማስ 1.9 × 10¹⁴ ይሆናል። ያለን 8 × 10¹³ ነው። ጉድለቱ ከ6.4 እጥፍ ወደ 2.4 እጥፍ ወረደ ማለት ነው። ሌላ አገላለጽ ከፈለጋችሁ፣ ሞንድ ልክ ቢሆንና የሚታየው ብቻ ቢኖር ጋዙ መሞቅ የነበረበት 7 ሳይሆን 4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነበር። የሙቀት መለኪያው ይሄን ያህል አይሳሳትም።

እዚህ ላይ ግን አትቁሙ፣ ብዙ ሰው እዚህ ይቆምና "ኧረ ሁለት እጥፍ ብቻ እኮ ነው፣ የሆነ ያልታየ ጋዝ ይኖራል" ይላል። ወደ መሃል ግቡ። 100 ኪሎ ፓርሴክ ላይ ቁልቁለቱ 1 ነው፣ ስበቱ 3.6 × 10⁻¹⁰፣ የኤ-ዜሮ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ጠንካራ ስበት ውስጥ ሞንድ ራሱ ከኒውተን ብዙም አልለይም ይላል፣ ማሱን የሚቀንሰው ሩብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ 1.9 × 10¹³ ይፈልጋል። ያለው ጋዝ ግን 1.8 × 10¹² ነው፣ ለማዕከላዊው ጋላክሲ 1 × 10¹² ስጡት፣ ድምሩ 2.8 × 10¹²። ጉድለቱ 7 እጥፍ! የሞንድ ትልቁ ችግር ዳር ላይ አይደለም፣ ስበቱ ጠንካራ በሆነበትና እሱ ምንም ዕርዳታ ማድረግ በማይችልበት መሃሉ ላይ ነው። በ2020 በ20 የክላሽ ክላስተሮች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ክላስተሮቹ የራሳቸው የፍጥንጥነት ወሰን የሚፈልጉ ሆነው ተገኙ፣ እሱም 2 × 10⁻⁹ አካባቢ፣ ከኤ-ዜሮ 17 እጥፍ ይበልጣል። ለጋላክሲ አንድ ሚዛን ለክላስተር ሌላ ሚዛን ይዞ ገበያ መውጣት ማለት ነው።

የሞንድ ሰዎች ይሄን አይክዱም፣ ለነሱም ፍትሐዊ ልሁን። ጋላክሲ ላይ ሞንድ የሚሠራውን ያህል የሚሠራ ቀላል ቀመር የለም። ለክላስተሩ ጉድለት ባንድ ወቅት 2 ኤሌክትሮን ቮልት የሚከብድ ኒውትሪኖ አለ ብለው ነበር፣ አሁን ግን ካትሪን የሚባለው የጀርመን ሙከራ ከ0.45 በላይ አይሆንም ብሎ በሩን ዘግቶታል። የቀራቸው ሌላ የማናውቀው ዓይነት ኒውትሪኖ ነው፣ ያው ድንጋይ ጆንያው ውስጥ አለ ማለት ሆነ እኮ።

ስቴፕ 6፦ በሁለተኛ ሚዛን መዝኑ

ይሄ ለኤፍ-አር ነው። የክላስተሩ ስበት ከኋላው ያሉትን ጋላክሲዎች ብርሃን ያጣምማል፣ ከመጣመሙ መጠን ማሱ ይወጣል። ራሳችሁ ምስል ከመለካት ታትሞ የወጣውን የሌንሲንግ ማስ ፕሮፋይል ውሰዱ፣ እናንተ ስቴፕ 4 ላይ በጋዙ ግፊት የለካችሁትን ማስ ደግሞ ጎኑ አስቀምጡ፣ የጋዙን ለሌንሲንጉ አካፍላችሁ ሬሾውን በራዲየስ ሳሉት። ሬሾው 1 ከሆነ ሁለቱ ሚዛኖች ተስማሙ፣ ወደ ዳር እየወጣ ወደ 1.33 ከሄደ ኤፍ-አር ነፍስ አለው።

አሁን ደግሞ ራሴን ሁለት ወር ያደከመኝን ነገር ልንገራችሁ። ጋዙ ውስጥ ንውጥውጥታ ሲኖር ሙቀቱ ግፊቱን በሙሉ አይናገርም፣ በጋዝ የተለካው ማስ ከእውነተኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያንሳል። ኤፍ-አር ይጨምራል፣ ንውጥውጥታ ይቀንሳል። 1.33ን በ0.85 አባዙት፣ 1.13፣ ስህተታችሁ ደግሞ 15 በመቶ ከሆነ በቃ ከ1 አይለይም። ሁለት ሌባ ሚዛን አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሲዋሹ ድምሩ ትክክል የሚመስልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ቁጥር አታወዳድሩ፣ ቅርጹን አወዳድሩ፣ የተረጋጋ ክላስተር ያዙ፣ የንውጥውጥታውንም መጠን እንደ ነጻ ፓራሜትር አስገብታችሁ አብራችሁ ግጠሙ። በ2015 በ58 ክላስተር የጋዝና የሌንሲንግ ፕሮፋይል ተደራርቦ ሲሠራ የተጨማሪው ኃይል መለኪያ ከ6 × 10⁻⁵ በታች ነው ተባለ፣ ማለትም ኃይሉ ካለም በጣም የተደበቀ ነው።

ስቴፕ 7፦ ስህተቱን ሳታፍሩ ቁጠሩ

ኢምሲ የሚባል የፓይተን ፓኬጅ አለ፣ ለፊቲንግ እሱን ተጠቀሙ፣ ብዙ ሺ ጊዜ እየሞከረ ፓራሜትሮቹ የት የት ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያችኋል። ጎረቤት ነጥቦች እርስ በርስ የተያያዙ መሆናቸውን አትርሱ፣ ኮቫሪያንስ ፋይል (መያያዛቸውን በቁጥር የሚናገር) ካለ አስገቡት፣ ካለበለዚያ የውሸት ትንሽ ስህተት ታገኛላችሁ። የርቀት ግምትም አለ፣ ሠንጠረዡ የሃብል ቁጥርን (ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት) 70 ብሎ ከሆነ ሌንሲንጉም 70 መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ ወደ ደብተራችሁ ተመለሱና የጻፋችሁትን ትንበያ አንብቡ። ካልተስማማ ትንበያውን አትሰርዙ፣ አጠገቡ ጻፉበት።

"ቡሌት ክላስተርስ?" የሚል ሰው ይኖራል፣ እውነት ነው፣ በ2006 የወጣው ሥራ ሁለት ክላስተሮች ተላልፈው ጋዛቸው መሃል ላይ ሲቀር የሌንሲንጉ ማስ ግን ከጋላክሲዎቹ ጋር አልፎ መሄዱን አሳይቷል። ከሚታየው ብዙው ጋዝ ሆኖ ሳለ ስበቱ ጋዙ ላይ አለመሆኑ ለሚዛን ጠርጣሪዎች ከባድ ጥያቄ ነው። ግን እሱ የሚሠራው በሌንሲንግ ካርታ ነው፣ ለቤት ሥራ አይሆንም፣ የጋዝ ግፊት ቀመራችንም እዛ አይሠራም፣ ስለዚህ አንብቡት እንጂ አትጀምሩበት።

ሦስተኛ ሚዛን የሚፈልግ ካለ ደግሞ አለ፣ ብርሃን ከክላስተሩ መሃል ሲወጣ ስበቱን ለመውጣት ስለሚደክም ትንሽ ወደ ቀይ ያዘነብላል፣ በፍጥነት ሲገለጽ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው። ጋላክሲዎቹ ራሳቸው እስከ ሺ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስለሚሮጡ ከአንድ ክላስተር አይወጣም፣ በ2011 ወደ 7,800 ክላስተሮች አንድ ላይ ተደርበው ነው የታየው። ያኔ ቴቬስ የሚባለውን የሞንድ ዘመድ ጣለው ተብሎ ተወራ፣ ቆይቶ ግን ከጋላክሲዎቹ እንቅስቃሴ የሚመጣ ሌላ የዶፕለር ውጤት እንዳልተቆጠረ ታየና ፍርዱ ለዘበ። ለአክስቴ ባል ይሄንን ስነግራቸው ሳቁብኝና "አየህ፣ ሦስተኛው ሚዛንም ሚዛን ነው፣ እሱንም ትፈትሻለህ" ብለው ጆንያቸውን ማሰር ቀጠሉ።